የተበሳሳው ወንበር

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት፤ ካልተስማማችሁ ደግሞ ታች ተከራከሩኝ፣ ለምጄዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ፎቶ ለጥፌ ነበር። ቡራዩ ቤቴ በረንዳ ላይ አምስት የሰፈር ልጆች ክንፉ ላይ ቀይ ክብ ያለበት ትንሽ የፕላስቲክ አውሮፕላን ከበው ሲገጣጥሙ የሚያሳይ። ብዙዎቻችሁ "ቲቸር ጡረታ ወጥቶ ልጅ ሆነ" ብላችሁ ስቃችሁብኛል፤ ሳቁ፣ ደግ አደረጋችሁ። አንዲት የድሮ ተማሪዬ ግን አልሳቀችም። በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ "ቲቸር፣ ይሄ እኮ የጦር አውሮፕላን ነው። ልጆቹ ጦርነት አነሳቸው ብለው ነው?" ወንድሟ ሄዶ አልተመለሰም። ስለዚህ ነገሩን በአንድ ፈገግታ ምልክት መልሼ ማለፍ አልቻልኩም። ሳምንቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። ፈቃዷን ጠይቄ ነው እዚህ የምመልሰው፤ ጥያቄዋ የእሷ ብቻ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የላከልኝ ሱሉልታ ሳስተምር ተማሪዬ የነበረ፣ አሁን ጃፓን የሚኖር ልጅ ነው። ካርቶኑን ስትከፍቱት አውሮፕላን የለም። ያለው በቀጫጭን የፕላስቲክ ዘንግ ላይ የተንጠለጠሉ ብዙ ጥቃቅን ክፍሎች፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር፣ አንድ የመገጣጠሚያ መመሪያ፣ እና በውሃ ነክረው የሚለጥፉት ምልክት ነው። ሙጫና ቀለም የራሳችሁ ጉዳይ ነው። መቁረጫው አልነበረንም፤ ጥፍር መቁረጫ ሠራልን። ሻካራውን በጥፍር ሞረድ አለሰለስነው። ቀለሙን ከአንድ ጋራዥ፣ መኪና ከሚቀቡ ልጆች፣ በጣሳ ትርፍራፊ ለምነን አመጣን። ወረንጦውን የአንዷ ልጅ እናት አዋሰችን፤ እስካሁን አልመለስንላትም፣ ይቅርታ እላታለሁ።

አውሮፕላኑ ሚትሱቢሺ ኤ6ኤም ነው፤ ዓለም የሚያውቀው "ዜሮ" በሚል ስሙ ነው። የጃፓን ባሕር ኃይል ተዋጊ ነበር፣ ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ የሚነሳ። ስሙ የመጣው ከዘመን አቆጣጠር ነው። አገልግሎት ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1940 ሲሆን፣ ያ ዓመት በጃፓን የንጉሠ ነገሥት አቆጣጠር 2600 ነበር። የመጨረሻዋን ዜሮ ይዘው ስም አወጡለት። እኛም የራሳችን ዘመን አቆጣጠር ያለን ሰዎች ስለሆንን ይሄ ነገር ለልጆቹ ለማስረዳት ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

አሁን ወደ ትምህርቱ። ካርቶኑ ላይ 1/48 ይላል። ስኬል ማለት ነው። እውነተኛው ዜሮ፣ ሞዴል 21 የሚባለው፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 12 ሜትር ነው። ለ48 ስታካፍሉት 25 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ልጆቹ ማስመሪያ አምጥተው ለኩት፤ ልክ 25። ጮኹ! ሒሳብ እውነት ሆኖ ሲገኝ የሚጮህ ልጅ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው።

ከዚያ ወጥመዱን ዘረጋሁ። "እውነተኛው ባዶውን 1,680 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ይሄኛው ከእውነተኛው ብረት ቢሠራ ስንት ይመዝናል?" አልኳቸው። ሁሉም ስልክ አውጥተው ለ48 አካፈሉና "35 ኪሎ!" አሉ። "እሺ፣ አንተ ስንት ኪሎ ነህ?" አልኩት ትንሹን። "34።" "እና ይሄ መዳፍህ ላይ ያለው ነገር ከአንተ ይከብዳል?" ዝም። ዝምታው ነው ትምህርቱ። ርዝመቱ በ48 ሲያንስ ስፋቱ በ48 ጊዜ 48፣ ማለትም በ2,304 ያንሳል። ይዘቱና ክብደቱ ደግሞ በ110,592። መልሱ 15 ግራም ነው፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል። ጉንዳን የራሷን እጥፍ የምትሸከመው፣ የዝሆን እግር ግንድ የሚያክለው በዚሁ ምክንያት መሆኑን ያን ዕለት ገባቸው። ይሄንኑ ነገር ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተማርኩ። ጻፋችሁት፣ ሸመደዳችሁት፣ ተፈተናችሁ፣ ረሳችሁት። አትቀየሙኝ፣ ጥፋቱ የእናንተ አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምር። በሰበታ ዓይነ ስውራን ልጆች የሚማሩበት የታወቀ ትምህርት ቤት እንዳለ ታውቃላችሁ። እኔ ሰበታ ሳለሁ እዚያ የተማረ ወዳጅ አፈራሁ፤ ዛሬ የሕግ ባለሙያ ነው። በዚያው ሳምንት ቤቴ መጥቶ ነበርና ሞዴሉን መዳፉ ላይ አኖርኩለት። አፍንጫውን፣ ክንፉን፣ ጅራቱን በጣቱ ቀስ ብሎ ሄደበት። ብዙ ጊዜ በአውሮፕላን የተጓዘ ሰው ነው። "ክንፉ እንዲህ የማይታጠፍ፣ የሚረዝም ነገር መሆኑን ዛሬ ነው ያወቅኩት" አለኝ፤ "እኔ እንደ ወፍ ወደ ጎን የሚሰበሰብ ነበር የሚመስለኝ።" ከዚያ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ሰው እየተሳፈረ ኖሮ ቅርጹን የሚነግረው አልነበረም። ዓይን ያለን እኛስ? ሰበታ መንገድ ዳር ፋብሪካ በፋብሪካ ነው፤ ሱሉልታም ቡራዩም እንደዚሁ። ልጆቻችን በየቀኑ በአጥሩ ስር ያልፋሉ። ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚሠራ የነካ ስንቱ ነው? ማየት ብቻውን ማወቅ አይደለም።

አሁን ወደ ጃፓን ልምጣ፤ ምክንያቱም እኛ ሀገር ጃፓን ሲነሳ "እኩል ነበርን እኮ" የምትል ወሬ ቀድማ ትደርሳለች። ሻይ ቤት ይሁን ለቅሶ ቤት አትቀርም። ምኞቱ እውነት ነው። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጃፓንን የሜይጂ ሕገ መንግሥት እንደ ምሳሌ አይተዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በዚያው ዘመን ጃፓን ሄደው ሲመለሱ "ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን" የሚል መጽሐፍ ጽፈዋል። ሀገራቸው እንደ ጃፓን እንድትሆን አጥብቀው የተመኙ ምሁራን ነበሩን። እኩል ግን አልነበርንም። ጃፓን ሆሾ የተባለውን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የጨረሰችው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ለእኛ የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው በ1921 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. 1929 መሆኑ ነው፤ እሱም ከፈረንሳይ የተገዛ ፖቴዝ።

ታዲያ ልዩነቱ ምን ነበር? ብዙ ሰው "እነሱ ዘመናዊ ነበሩ፣ እኛ በበሬ የምናርስ" ይላል። እዚህ ላይ አንድ የምወደው ታሪክ አለ። ዜሮ የተሠራው ናጎያ ከተማ በሚገኘው የሚትሱቢሺ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው አጠገብ አውሮፕላን ማኮብኮቢያ አልነበረም። ስለዚህ በዓለም ካሉት ምርጥ ተዋጊ አውሮፕላኖች አንዱ የሆነው ዜሮ ተፈታቶ ካጋሚጋሃራ እስከሚባለው የበረራ ሜዳ ድረስ፣ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በበሬ ጋሪ ነበር የሚጓዘው! ከሰበታ ተነስቶ አዲስ አበባን አቋርጦ ሱሉልታ እንደማድረስ ቁጠሩት። መጀመሪያ የበረረው፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ወር 1939፣ በበሬ ተጎትቶ ሄዶ ነው። ስለዚህ ነገሩ የበሬ ጉዳይ አይደለም። በሬማ እኛም ነበረን።

"እነሱ ራሳቸው ፈለሰፉት" የሚለውም ሙሉ እውነት አይደለም። ሚትሱቢሺ አውሮፕላን መሥራት ሲጀምር እ.ኤ.አ. በ1921 ኸርበርት ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ ንድፍ አውጪ ከነቡድኑ አስመጥቶ ነው። የዜሮ ዋና ንድፍ አውጪ ጂሮ ሆሪኮሺ ወጣት ሳለ አውሮፓና አሜሪካ ተልኮ ፋብሪካዎቻቸውን አይቷል። ፈረንጅ ቀጥረዋል፣ ከፈረንጅ ተምረዋል፣ ቀድተዋል። ግን ፈረንጁ ሲሄድ ሥራውን የሚቀበል ወጣት አጠገቡ ቆሞ ነበር። አንድ ብቻም አይደለም። ከመሐንዲሱ ጀርባ ብረት ቆራጩ፣ ሚስማር መቺው፣ ቀለም ቀቢው በብዛት ተሰልፈው ነበር። ሆሪኮሺ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ከአሥር ሺህ በላይ ዜሮ ከየት ይመጣ ነበር?

እኛም ጀምረን ነበር። ሉድቪግ ዌበር የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። በልዕልቷ ስም "ፀሐይ" ተባለች፤ በረረችም። በዚያው ዓመት ፋሺስት ጣሊያን ወረረን። ፀሐይ ተማርካ ሮም አጠገብ የአየር ኃይላቸው ሙዚየም ውስጥ ዕድሜዋን ጨረሰች። የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ፍርዴ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ይሄን እላለሁ፦ የእኛ ዘር ጊዜ አላገኘም፣ ሳይበቅል ተረገጠ።

ግን ወረራውን ብቻ ምክንያት አድርጌ መቀመጥም አልችልም። ከወረራው በፊትም በኋላም እጁን የሚያሠራ ሰው እንዴት እንደያዝን እናውቃለን። ብረት የሚቀጠቅጠውን ቡዳ፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ሸክላ የምትሠራዋን ደግሞ ምን እንዳልናቸው አያቶቻችሁን ጠይቁ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ስለነበረ ነው። ዛሬስ? በ2007 ዓ.ም. አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ኢትዮጵያዊ ከአሮጌ ዕቃና ከቮልስዋገን ሞተር የራሱን አንድ አውሮፕላን ሠርቶ ለማብረር ሞከረ። ሙከራው አልሰመረም። እኔ በተቀመጥኩበት ሻይ ቤት ሲሳቅበት ሰማሁ። ሳቂዎቹ መካከል አንድ ብሎን አጥብቆ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። እኔም አፌን ይዤ መቀመጤን እናዘዛለሁ፤ መምህር ሆኜ።

የሚያጽናናኝ አንድ ነገር አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ። በ1938 ዓ.ም. ሲመሠረት ቲ ደብሊው ኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ነበር፤ አብራሪውም ቴክኒሻኑም ሥራ አስኪያጁም ፈረንጅ። ግን ገና ከጅምሩ አጠገባቸው የሚማር ኢትዮጵያዊ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ዛሬ ቦሌ ሀንጋር ውስጥ ሞተር ፈትተው የሚገጥሙት የእኛው ልጆች ናቸው፤ ከእናንተም ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ። ማለት የምፈልገው አጭር ነው፦ የጎደለን ጭንቅላት አይደለም። የጎደለን የሚነካ እጅ፣ እጅን የሚያከብር ቤት፣ እና ከዋናው ሰው አጠገብ የሚቆም ተማሪ ነው። ይሄ የተደረገበት ቦታ ሠርቷል፤ ያልተደረገበት ቦታ "እኩል ነበርን" እያልን ቀርተናል።

አሁን ወደ አንቺ ጥያቄ ልመለስ፣ ልጄ።

ከልጆቹ አንዷ የአብራሪውን ወንበር ከፕላስቲኩ ስትቆርጥ "ጋሼ፣ ይሄ ተበላሽቶ ነው የመጣው፣ ተበሳስቷል" አለችኝ። ተቀብያት አየሁት። አልተበላሸም። እውነተኛው ወንበርም እንደዚያው ተበሳስቶ ነበር የተሠራው። ምክንያቱን ነገርኳቸው። ባሕር ኃይሉ ፈጣን፣ ሩቅ የሚሄድ፣ በቀላሉ የሚገለባበጥ አውሮፕላን ፈለገ። የነበረው ሞተር ግን አንድ ሺህ የፈረስ ጉልበት አይሞላም። እንግዲህ የቀረው መንገድ ክብደት መቀነስ ነው። ግራም በግራም ቀነሱ። የክንፉን አጥንት በሱት፣ ወንበሩን በሱት። ከአብራሪው ጀርባ ጥይት የሚከላከል ብረት አላደረጉለትም። የነዳጅ ጋኑም ጥይት ሲበሳው ራሱን የሚደፍን ዓይነት አልነበረም። ለዚህ ነው ያ አውሮፕላን ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ የቻለው። በቻይና ሰማይ፣ ከዚያም በፓሲፊክ፣ መጀመሪያ ላይ የሚችለው ጠፋ። ብዙ እናቶችንም አስለቀሰ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1942 አሜሪካኖቹ አላስካ አጠገብ አኩታን በምትባል ደሴት አንድ የወደቀ ዜሮ ብዙም ሳይጎዳ አገኙ፤ ጠግነው አበረሩት፣ ድክመቱን አጠኑት። የበለጠ ጉልበት ያላቸው አውሮፕላኖቻቸውም ደረሱ። ያን ጊዜ ዜሮ በትንሽ ጥይት እየተቀጣጠለ ይወድቅ ጀመር፤ በውስጡም የሠለጠነው አብራሪ። መጨረሻው እ.ኤ.አ. በ1944 የመጣው ነው፦ ቦምብ አስረውበት ወጣቶቹን ከነአውሮፕላኑ መርከብ ላይ እንዲከሰከሱ ላኳቸው።

ልጆቹ ዝም አሉ። ያቺ ወንበሩን የያዘች ልጅ ግን "ታዲያ ለምን ተቀመጠበት?" አለችኝ።

መልስ አልሰጠኋትም። የለኝማ። "እምቢ ማለት ይችል ነበር?" "ቤተሰቦቹስ ያውቁ ነበር?" "ወንበሩን የበሳው ሰውዬስ ምን አለ?" እያሉ እርስ በርስ ተከራከሩ። አንዱ በአማርኛ ይጀምራል፣ ሌላው በኦሮምኛ ይመልሳል፣ "ጠያራ"ውም "አውሮፕላን"ውም ተቀላቀለ። የአሥራ አንድና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ናቸው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ስለ ጦርነት ስንት ንግግር ሰምቻለሁ፣ ስንት ሽለላ ሰምቻለሁ። ወንበሩ ላይ ስለሚቀመጠው ልጅ የሚጠይቅ ግን እንደዚያ ቀን አልሰማሁም።

ልጄ፣ ጦርነትን ከልጆች መደበቅ አልችልም። አንቺም አልቻልሽም፤ ቤትሽ ድረስ መጥቷል። በቴሌቪዥንም በስልክም የሚያዩት ጦርነት ግን ከሩቅ ነው፤ ጭስና ባንዲራ ነው። ወንበሩ አይታይም። በእጁ የገጣጠመ ልጅ ወንበሩን ያገኘዋል። እኔ የምፈራው ሞዴል የሚገጣጥመውን ልጅ አይደለም። የምፈራው ነገር እንዴት እንደተሠራ ጠይቆ የማያውቀውን፣ "ተቀመጥ" ሲባል የሚቀመጠውን ነው።

ግን በአንድ ነገር ልክ ነሽ፤ ይሄን ሳልናገር አላልፍም። እኔ ፎቶውን ስለጥፍ ታሪኩን አልጻፍኩም። ቀይዋን ክብና የሚያምረውን ክንፍ ብቻ አሳየሁ። ሞዴሉም ሲያልቅ ትንሹ ልጅ ይዞት በግቢው እየሮጠ "ድድድድድ" ሲል ሳቅኩ እንጂ አላቆምኩትም። መሳሪያ ያምራል፤ ችግሩም ይሄው ነው። የመገጣጠሚያው መመሪያ ስለ ሙጫ እንጂ ስለ እነዚያ ልጆች አይነግርም። እሱን መንገር ያለበት አጠገባቸው ያለው ትልቅ ሰው ነው። እኔ ዘግይቼ ተናገርኩ። አመሰግንሻለሁ።

ስለዚህ የወሰንኩትን ልንገራችሁ። ቀጣዩ ሥራችን ፀሐይ ናት። ማንንም ሳትገድል የተማረከችው የእኛዋ። በካርቶን የታሸገ የፀሐይ ሞዴል የትም ሱቅ አላየሁም፤ እና ራሳችን እንሠራታለን። ከቀርከሃ፣ ከካርቶንና ከስስ ጨርቅ። "ለዚህ ገንዘብ የለም፣ ክፍል ውስጥ ስልሳ ልጅ አለ፣ የመምህሩ ደሞዝ ወር አይደርስም" የምትሉ መምህራን እውነታችሁን ነው፤ ከእናንተ ጋር አብሬ ኖሬዋለሁ። የምጠይቀው ቤተ ሙከራ አይደለም። የምጠይቀው በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሙጫ፣ ማስመሪያ፣ መቀስ። ሰበታ አንድ ትምህርት ቤት፣ ቡራዩ አንድ፣ ሱሉልታ አንድ ቢጀምር ይበቃል። አሁን ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ይሄ ግንኙነት ለአንድ ቁም ነገር ይዋል።

ከእናንተ የምፈልገው፦ ንድፍ የምትችሉ ተማሪዎቼ፣ ፀሐይን ከፎቶዎቿና ከልኬቷ ተነስታችሁ በ1/24 ስኬል ሳሉልኝ። ሀንጋር የምትሠሩት፣ አንድ ቅዳሜ መጥታችሁ ለልጆቹ እጃችሁን አሳዩአቸው፤ የዘይት ጥቁረቱን ሳትታጠቡ። ጋራዥ ያላችሁ፣ ትርፍራፊ ቀለም አትጣሉ። አንቺ ደግሞ፣ ከፈቀድሽ፣ ነይና አንድ ቀን አብረሽን ተቀመጪ። ልጅቷ ጥያቄዋን ለእኔ ደጋግማለች፤ ከእኔ ይልቅ አንቺ ትመልሺላታለሽ፣ ወይም አብረሻት ዝም ትያለሽ።

ዜሮው አሁን መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ነው። ሽፋኑን አልለጠፍንበትም፤ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው "ወንበሩ ይታይ" ያሉት።

ቸር ሰንብቱ። ሐሳባችሁን ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።